ሐጂ አማን ሰርቨሬን ከፈቱት

አታምኑኝም፤ ዛሬ ሀክ ተደረግኩ። እኔ! ፓስዎርዳችሁን ቀይሩ እያልኩ ስጨቀጭቃችሁ የኖርኩት እኔ!

ሀከሩ ደግሞ ሮቤ ገበያ ስንዴ የሚነግዱ፣ መብራት ያላት ትንሽ ስልክ የሚይዙ ሽማግሌ ናቸው።

ይባስ ብሎ የሰሚራ አባት ናቸው።

(ሰሚራን ለማታውቁ፦ ባለፈው ወር ሽማግሌ የላክሁባት ልጅ ናት። ከጎባ እስከ ሮቤ ያልሰማ የቀረ ካለ ይኸው አሁን ሰማ።)

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ኮምፒውተር የተማርኩት ጎባ፣ ኢንተርኔት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ዲግሪ የለኝም። ግን የቆለፍኩትን በር ተመልሼ ሳልነካው አልሄድም። በዚህ ጠባዬ ነው ሮቤ ላይ የሰው የዘር መረጃ (ዲኤንኤ) የተቀመጠበትን ሰርቨር እንድጠብቅ የተቀጠርኩት። በኮንትራት።

ሥራው እንዲህ ነው። የባሌ ሰው ወዶ ፈቅዶ ለምርምር ደም ይሰጣል። ደሙ ውስጥ ያለው የዘር መረጃ ይነበባል፤ በስሙ ፋንታ ኮድ ይገባል። ከዚያ ሰርቨሩ ከአገር አቀፉ ኔትወርክ ጋር ሲገናኝ፣ አዲስ አበባ ያለ ተመራማሪ መረጃውን ሳይወስድ እዚሁ ባለበት ያጠናዋል። በፍላሽ ኮፒ አድርጎ መሄድ የለም!

ዛሬ የሚፈትሹን ሰው ከአዲስ አበባ መጡ። ዶክተር ሰናይት ይባላሉ። ካለፍን ሮቤ ኔትወርኩ ውስጥ ትገባለች። ከወደቅን ሰርቨሩ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ፣ እኔም ወደ ኢንተርኔት ቤቴ።

ሐጂ አማን ደግሞ የደም ሰጪዎቹ ተወካይ ሆነው ቁጭ ብለዋል። ስለ ሰሚራ ገና መልስ አልሰጡም። ለሽማግሌዎቼ ያሏቸው፣ "ልጁ የሰው አደራ ይጠብቃል ይባላል። አጠባበቁን ልይና እነግራችኋለሁ" ነው።

ገባችሁ? በአንድ ቀን ሁለት ፈተና!

ክራቫት አሰርኩ። የሮቤ ንፋስ ትከሻዬ ላይ ወረወረው፤ መልሼ አስተካከልኩት።

ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ጄኔሬተሩ እንኳ ሳይለመን ተነሳ። ዶክተሯ ራሳቸውን እየነቀነቁ "ጎበዝ" ይላሉ። ከዚያ ጠየቁኝ።

"ዋናውን ፓስዎርድ የት ጽፈህ ነው የምታስቀምጠው?"

ይህንን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር!

"የትም አልጽፈውም፣ ዶክተር። ረጅም ነው፤ ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው። ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ እንኳ አልሳሳትም።"

ምነው አፌን በያዝኩት!

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ሐጂ አማን ናቸው።

"ረጅም ነገር… ከሕፃንነቱ የሚያውቀው… ቁርኣን ካልሆነ አባቶቹ ናቸዋ!"

ለሩቅ አገር ፎሎወሮቼ፦ እኛ ጋ ልጅ አፉን ሲፈታ አባቶቹን እስከ ስድስት ሰባት ይቆጥራል። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅም ዘመድ አለመሆናችን እንዲጣራ የወንዱ አባቶች በሴቷ አባት ፊት ይቆጠራሉ።

አዎ። ፓስዎርዴ በሐጂ ሳሎን ውስጥ ጮክ ተብሎ ተነቧል!

ዶክተር ሰናይት ፊቴን አዩት። ፊቴ ፓስዎርድ የለውም።

"እስቲ ይሞክሩት፣ ሐጂ።"

"እኔ እንኳ አልነካውም። አብዲ ይጻፍልኝ።"

አብዲ የሥራ ባልደረባዬ ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት ጓደኛዬም ነበር። ሪፖርት ጻፍ ሲሉት ጣቱን የሚያመው ልጅ ዘሎ ኪቦርዱ ላይ ተቀመጠ።

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ሁሴን፣ አደም፣ ጡሬ፣ ቦሩ፣ ገልገሎ፣ ጃርሶ፣ ሮባ።"

አብዲ ኤንተር መታ።

ቀይ! ፓስዎርዱ ስህተት ነው!

አልሐምዱሊላህ! ክራቫቴን አስተካከልኩ። "እንግዲህ እንዳያችሁት…"

"ቆይ፣ ኢልመ ኮ፣ ቆይ ልጄ" አሉ ሐጂ። "ያኔ ቤቴ ስትልኩ አጎትህ ሲቆጥር ቦሩን ዘለለው። እኔ ነኝ ያረምኩት። አንተ ቆጠራውን ከማን ተማርክ?"

"ከ… ከአጎቴ።"

"አብዲ፣ ቦሩን አውጣው።"

አወጣው። ኤንተር።

አረንጓዴ።

አጨበጨቡ! ወላሂ፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ! ጥበቃው በመስኮት በኩል ሳይቀር!

እኔ ደግሞ እዚያው ቆሜ ቦሩ የሚባል አያት እንዳለኝ አወቅሁ። ከአማቼ አፍ። ገና አማቼ ካልሆኑት አማቼ አፍ!

ደግነቱ ስክሪኑ ላይ የተዘረዘረው ኮድ ብቻ ነበር። ከቤቱ ሰው ሁሉ ዘሩ የተጋለጠው የእኔው ብቻ ነው።

ዶክተር ሰናይት እንባቸውን ጠረጉ። የሳቅ እንባ ነው። "ሌላው ሁሉ ጥሩ ነው" አሉ። "ቁልፉ ግን በአንድ ሰው ጭንቅላት አይሆንም። ሁለት ይሁን፤ አንዱ ያንተ፣ አንዱ የሐጂ። ለመክፈትም ሆነ ፓስዎርድ ለመቀየር ሁለታችሁም መኖር አለባችሁ። እንዲህ ከሆነ ሮቤ አልፋለች።"

አለፍን!

ወዲያው አስተካከልነው። ሐጂ "ዙር ወዲያ" አሉኝና የራሳቸውን በአንድ ጣት አስገቡ። ቀጥሎ እሳቸው ዞሩ፣ እኔ አስገባሁ። በዚህኛው አባቶቼን አላስቸገርኩም። አጭር፣ ጣፋጭ፣ ከልብ የማይጠፋ ነገር መረጥኩ። ቆለፍነው።

በር ላይ ሸኘኋቸው። ባጃጅ ውስጥ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ፣ "ሐሙስ አጎትህ ይምጣ" አሉኝ። "ቦሩን ጨምሮ ይቁጠር። ካልተሳሳተ እንነጋገራለን።"

መሬት አልረገጥኩም! የክራቫቴ ነገር ከዚያ ወዲያ አላሳሰበኝም።

ባጃጁ ሊነሳ ሲል አንገታቸውን አወጡ።

"ደግሞ ስማ! አዲሱን ፓስዎርድ የልጄን ስም እንዳታደርገው።"

"ኧረ ሐጂ! ምን በወጣኝ!"

አብዲ አጠገቤ ቆሞ ጫማውን ያያል።

ባጃጁ ጥጉን እስኪዞር እጄን እያውለበለብኩ ጠበቅሁ። ከዚያ ወደ ሰርቨሩ ሮጥኩ። ልቀይረው።

ሁለተኛውን ቁልፍ ጠየቀኝ።

ሁለተኛው ቁልፍ በባጃጅ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው።

ይህን የምጽፍላችሁ ስልኬን ይዤ ሰርቨሩ ፊት ተቀምጬ ነው። "ሐጂ፣ ይመለሱልኝ፤ የልጅዎን ስም ላወጣ ነው" ይባላል? እስቲ የመረጃ ደኅንነት አዋቂዎች፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ብላችሁ ትደውላላችሁ?