ለእንግዳ የተቀመጠ አፍ

እኛ ሰዎች ደህና ዕቃ አንወድም ልበል? እንወዳለን እንጂ፤ የማንወደው መጠቀሙን ነው። እስቲ ቤታችሁን ቃኙት፤ ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልተገፈፈም፣ ሪሞቱ ፌስታል ለብሷል፣ የቡፌው ብርጭቆ ለእንግዳ ነው፣ እናንተ በጣሳ ትጠጣላችሁ። እኔም ያው ነኝ፤ ይህን ሳወራ እስቅ ነበር። ዘንድሮ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ልጄ ፀጋ ስምንት ዓመቷ ነው። ኦቲዝም አለባት፤ አትናገርም። ውሃ ሲጠማት ትጮኻለች፣ ሲያማትም ትጮኻለች፣ እኔ በግምት እሮጣለሁ። እርግማን ነው ያሉ ነበሩ፤ ጸሎት የያዙልንም አሉ፣ ጌታ ይባርካቸው።

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤቷ አንድ ታብሌት በስጦታ አገኘ። መምህርቷ አስቴር ምንጣፍ ላይ ከልጄ ጋር ቁጭ ትልና በአንድ እጇ ሙዝ ይዛ፣ በሌላው የፀጋን ጣት ታብሌቱ ላይ ወዳለው የሙዝ ሥዕል ትወስዳለች። ታብሌቱ «ሙዝ» ይላል፤ ሙዙም ወዲያው ይሰጣታል። ዕቃማ ብቻውን ምን ያውቃል? ያቺ ሴት ናት ጉልበቷ እስኪዝል የተቀመጠችው። ከሙዝ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ደግሞ ስትጠግብ ወደ «በቃኝ» ተሸጋገሩ። አንድ ቀን ልወስዳት ስሄድ ፀጋ ጣቷን ሰደደችና «ውሃ» አስባለችው። ልጄ በስምንት ዓመቷ ውሃ ጠየቀችኝ! ብርጭቆውን ሞልቼ ሰጠኋት።

ብዙም ሳይቆይ ታብሌቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ። ንብረት ነዋ! ልጆቹ ይጥሉታል፣ ሙዝ የነካ እጅ ያበላሸዋል፣ ደግሞስ እንግዳ ሲመጣ ምን ይታያል? ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። አስቴር ለመነች፤ እኔም ከሥራ እያስፈቀድኩ ተመላለስኩ።

«እህቴ፣ ቢሰበር የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለኝ ርዕሰ መምህሩ።

ፀጋ ወደ ጩኸቷ ስትመለስ ግን የሚጠየቅ የለም።

በመጨረሻ እንግዶች መጡ። ታብሌቱ ተወልውሎ ወጣ፣ ልጄም ታቅፋው ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ኮት የለበሱ ሰውዬ ስለ ቴክኖሎጂ ንግግር ጀመሩ። ንግግሩ ረዘመ። የአርባ ምንጭን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ፀጋ ጣቷን ሰደደች።

«በቃኝ» አለ ታብሌቱ።

ተጨበጨበ። ሰውዬው ፈገግ አሉና ቀጠሉ። ፀጋ ደገመች፤ አሁንም ደገመች። ርዕሰ መምህሩ ከኋላዋ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዘጋው። ልጄ ዝም ያለውን ሥዕል ደጋግማ ነካችው፣ ከዚያ ዞራ አየችኝ።

ደሜ ፈላ። አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰው፣ ሁሉም እየሰማ፣ «የዘጋኸው የልጄን አፍ ነው!» አልኩት። በእንግዳ ፊት ነውር ሠራሽ ተባልኩ። ታብሌቱም ተመልሶ ተቆለፈበት።

እንግዲህ ወደ አርባ ምንጭ ብቅ ካላችሁ የጫሞ አዞ የትም አይሄድም፤ ይቆያችኋል። መጀመሪያ ኮት ደርባችሁ ሴቻ ውጡና እንግዶች ነን በሉ። ቁም ሳጥኑ ያኔ ይከፈታል። ንግግር ግን እንዳታደርጉ አደራ። ልጄን ውሃ ጠምቷታል።