ዳቦ አመላላሿ የብስክሌቱን መንገድ በር ያስከፈተችበት ዜና

የብስክሌቱ መንገድ አስፋልት በለበሰ በአራተኛው ዓመት፣ የብረት በሩ በቆመ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ በእትዬ ዳይሬክተር ሊቀመንበርነት ዘመን፣ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ገና ሳይደርቅ፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ እመ ቃጭል የተባለችው ዳቦ አመላላሽ፣ ባለ ሁለት ጎማዋ፣ ባለ ሦስት ቅርጫቷ፣ ዳገት የማይበግራት፣ ቁልቁለት የማያስታት፣ ፍሬኗ ቢበጠስ በጫማዋ የምታቆም፣ መቶ ሃያ ዳቦ ጭና ወደ በሩ ዘመተች። ይህን የምጽፈው እኔ በበሩ ጥግ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ተቀምጬ የሰው ሰዓት የምጠግን ሰዓት ሠሪ ነኝ። ያየሁትን እንዳየሁት፣ የሰማሁትንም ከነ ነጋሪው እጽፋለሁ። በደቂቃ ነገር ግን ማንም እንዳይከራከረኝ ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

አስቀድሞ በሩ ስለ ምን እንደቆመ መናገር ይገባል። መንገዱን ያሠራው ማዘጋጃ ቤት ነው፤ ከላይ ከዳቦ ቤቱ ተነስቶ በእኛ ሰፈር አጥር ሥር እየተጠማዘዘ ታች ሆስፒታሉ በር ላይ ይወጣል፤ ማንም ብስክሌት ያለው ሁሉ እንዲሄድበት ነበር። ወእምዝ የስርቆት ዘመን መጣ። በአንድ ወር ውስጥ ከአንዱ ጎረቤት የውሃ ፓምፕ፣ ከሌላው የጋዝ ሲሊንደር ሄደ፤ ከእትዬ ዳይሬክተር ግቢ ደግሞ የተሰጣ አንሶላ ተወሰደ፣ ያውም ከነገመዱና ከነመቆንጠጫው። እትዬ ዳይሬክተር ሠላሳ አንድ ዓመት ትምህርት ቤት የመሩ፣ የጫማቸው ድምፅ ሲሰማ ሁለት ሺህ ተማሪ ጸጥ የሚልላቸው ሴት ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ወንበር በበራቸው ላይ አስደግፈው፣ እሱው ላይ ተቀምጠው ማደር ጀመሩ። በዚህ አልቀልድም፤ ብቻውን የሚያድር ሰው ፍርሃት ቀልድ አይደለም።

ስለዚህም ኮሚቴውን ሰብስበው፣ ብረት አስበይደው፣ በሩን በመንገዱ መሐል አቁመው ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

«ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከዛሬ ጀምሮ በዚህ መንገድ የሰፈሩ ሰው ብቻ ይለፍ። የሌላ ሰፈር ሰው በትልቁ መንገድ ይዙር። እኔ እንቅልፍ አጥቼ ማንም በአጥሬ ሥር እያፏጨ አያልፍም!»

ባለ ብስክሌቶቹም ተቆጡ፤ ፊርማ አሰባስበው ማዘጋጃ ቤት ገቡ፤ መሐንዲስ መጥቶ መንገዱን በሜትር ለክቶ የሕዝብ ነውና አይዘጋም አለ፤ እትዬ ዳይሬክተር ደግሞ አንሶላውም የእሳቸው እንደነበረ አስታወሱት። ሦስት ቀን ተከራክረው በመጨረሻ መሐል ላይ ተገናኙ። በሩ ይቆማል፤ ማንም ግን አይከለከልም፤ ጠባቂ ተቀምጦ እያንዳንዱን አላፊ ከየት፣ ወዴት፣ ለምን ብሎ ጠይቆ በደብተር ይጽፋል፣ ከዚያ ያሳልፋል። በወረቀት ላይ ሲያዩት እንከን አልነበረውም፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ጠባቂ ሆነው የተመረጡት ጋሽ እንደምን ነበሩ፣ የቀድሞው የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ። የሰፈራችን ጥፋት እዚህ ላይ ነው፤ ሁላችንም እናውቃቸዋለን፣ አንዳችንም አላሰብንበትም። ጋሽ እንደምን የሰውን አዳር ሳይጠይቁ ከየት መጣህ ማለትን ሰውን ሌባ ብሎ ከመስደብ ለይተው አያዩም። አዳሩን ሲጠይቁም እንደ ዘመኑ ሰው ለወጉ ያህል አይደለም። ራስህን፣ የቤትህን ሰው፣ ልጆችህን፣ እናትህን፣ የእናትህን ወገብ፣ አለቃህ ጠባዩ ተሻሽሎ እንደሆነ፣ ባለፈው ያመመህ ጥርስ ተነቅሎ እንደሆነ ሁሉንም በየተራው ይጠይቃሉ፤ መልሱንም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይሰማሉ። እኔ በሰዓት ይዤዋለሁ፤ ለአንድ ሰው አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ፣ አማት ላለው ስድስት። ሌባ ይቁም ተብሎ የወጣው ሕግ ሆስፒታሉን ግማሽ ቀን ያለ ነርስ አዋለው።

ወደ እመ ቃጭል እንመለስ። የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ዳቦውን የሚቀበለው እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ባለፈው ሐሙስ ሰልፉን ሸሽታ በትልቁ መንገድ ብትዞር፣ የጭነት መኪና ነፋስ ከነዳቦዋ ቦይ ውስጥ ጨመራት፤ ክርኗ ተልጦ፣ ዳቦው ዋኝቶ አረፈደች። ሰኞ ዕለት በበሩ ብትመጣ ሰልፉ አስቀራት። የዳቦ ቤቱ ባለቤትም ጎበዝ ሠራተኛ መሆኗን ካመሰገነ በኋላ፣ ሦስተኛ ጊዜ ከተረፈደ ብስክሌቱን ከእጇ ወስዶ ለአማቹ እንደሚሰጥ ነገራት። ብስክሌቱ የዳቦ ቤቱ ነው። እናቷና ሁለት ሴት ልጆቿ የሚተዳደሩት ግን በእሱ ነው። አማቹ ደግሞ፣ በሕዝብ ፊት እመሰክራለሁ፣ ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ ራሱን ችሎ የማይነዳ ሰው ነው።

በዚያች ማክሰኞ እመ ቃጭል በሩ ዘንድ ስትደርስ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ሁለት ነበር። ከበሩ እስከ ሆስፒታሉ ጭነት ላለው አሥራ አራት ደቂቃ ነው። ከፊቷ የተሰለፈው ሠራዊት ይህ ነበር፦ ሦስት ሜትር ቱቦ እንደ ጦር በትከሻው የያዘ ቧንቧ ሠሪ፤ ወደ ፈረቃቸው የሚሮጡ ሁለት ነርሶች፤ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ግማሹን ለሰልፉ ያቆየ የባንክ ሠራተኛ፤ ሁለት ሴት ልጆቹን አንዷን ከፊት አንዷን ከኋላ የጫነ አባት፤ ጥርስ ሐኪሙ፤ መስታወት ገጣሚው ከነመስታወቱ፣ ሰዉ ሁሉ ፊቱን እያየበት የሚበሳጭ፤ ለጤናቸው ብቻ የሚነዱ፣ ስለማይቸኩሉም ሁሉም የሚጠምዳቸው ጡረተኛ ዳኛ፤ ሌሎችም፣ በድምሩ ሃያ ስድስት። ከፊት የነበረው ያ አባት ነው፤ ጋሽ እንደምን አባትየውን ጨርሰው ትልቋን ልጅ የትምህርቷን ነገር እየጠየቁ፣ ታናሿም ተራዋን በትዕግሥት እየጠበቀች ነበር።

እመ ቃጭል ሰልፉን አየች፣ ሰማዩን አየች። ብስክሌቷን በሱቄ ግድግዳ አስደግፋ በእግሯ ወደ ፊት ሄደች። ሰዉ ተራ ልትነጥቅ መስሎት አጉረመረመ። እሷ ግን በሩ ፊት ቆማ፣ ከዳር እስከ ዳር በሚሰማ ድምፅ እንዲህ ብላ አወጀች፦

«ጋሽዬ፣ እኔ ደህና አድሬያለሁ፣ እናቴም ልጆቼም ደህና ናቸው። እነዚህ ከኋላዬ ያሉትም ከነሚስቶቻቸው፣ ከነባሎቻቸው፣ ከነአማቶቻቸው ደህና ናቸው፤ የታመመ ካለ አሁን እጁን ያውጣ። ሁላችንም ከቤታችን ወደ ሥራችን ነን። አሁን ተራው የእርስዎ ነው። እርስዎስ እንደምን አደሩ?»

ዳኛው ስለ ኩላሊታቸው እጅ ሊያወጡ ሲሉ ጥርስ ሐኪሙ ክንዳቸውን ያዘ። ጋሽ እንደምን እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ጠባቂ ከሆኑ ወዲህ ደብተራቸው እንደሚመሰክረው ሁለት ሺህ ሰው አልፏል፤ ሁለት ሺውም ደህና፣ ደህና እያለ ፔዳሉን ረገጠ እንጂ እርስዎስ ያለ አልነበረም። እኔም፣ ከዚያች ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የማያቸው፣ አላልኩም። አፈርኩ። ሽማግሌው ደብተሩን አጥፈው በሩን ተደግፈው ማውራት ጀመሩ፤ ጉልበታቸው ሌሊት እንደሚጠዘጥዛቸው፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ አዳራቸውን የሚጠይቅ እንደሌለ። በሩም በክብደታቸው እየተገፋ ወለል ብሎ ተከፈተ።

ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀመረ። ነገር ግን ጠይቆ መሄድ ካለመጠየቅ ይብሳልና፣ እመ ቃጭል ባለችበት ተተክላ፣ ዓይኗን ከሽማግሌው ሳትነቅል አዳመጠች። ነርሶቹ ይህን አይተው ወደ ብስክሌቷ ዞር አሉ፤ ሳይማከሩ አንዷ አንዱን ቅርጫት፣ ሌላዋ ሌላውን አነሱ፤ የሆስፒታሉን መታጠቢያ ቤት የሚጠግነው ቧንቧ ሠሪም ሦስተኛውን በቱቦው ጫፍ አንጠልጥሎ ነጎደ። በዚህ ጊዜ እትዬ ዳይሬክተር በነጠላ ጫማቸው ብቅ አሉ፤ በሩን ክፍት፣ ጠባቂውን በወሬ ላይ፣ የማያውቁትን ሕዝብ በአጥራቸው ሥር ሲተም አይተው ለፖሊስ ሊደውሉ ስልካቸውን አወጡ። አላፊው ግን እንደኔው አፍሮ ነበርና እያንዳንዱ አንድ እግሩን መሬት እያስረገጠ እንደምን አደሩ እትዬ አላቸው። መመለስ ግድ ሆነባቸው። ሰባቱ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ነበሩ፤ የባንኩ ሠራተኛ ያልተላጨ ጉንጩን በመዳፉ ሸፈነ። እትዬ ዳይሬክተር ሳይደውሉ ስልኩን መልሰው ከተቱት።

ጋሽ እንደምን ሲጨርሱ ለአንድ ሰዓት አንድ ደቂቃ ጉዳይ ነበር። እመ ቃጭል ይመርቁኝ ብላ ዞር ስትል ብስክሌቷ ባዶ ነው። እኔ በዚያች ሰዓት የአንዲት ደቃቃ ሰዓት ብሎን በከንፈሬ ይዤ ነበር፤ ተፍቼ እስክናገር ሄዳለች፤ ይህን ጥፋቴን አልደብቅም። በኋላ ራሷ እንደነገረችኝ፣ ዳቦውን ሌባ የወሰደው መስሏት ነበር። ጩኸቱ አፏ ድረስ መጣ። ግን እትዬ ዳይሬክተር አጠገቧ ቆመዋል፤ ያቺን አንዲት ቃል ሌባ ብትል በሩ በሁሉም ላይ፣ በነርሶቹም በእነዚያ ሁለት ሕፃናትም ላይ፣ ለዘላለም እንደሚዘጋ አወቀች። ስለዚህ ዋጠችው። ደህና ዋሉ እትዬ ብላ ባዶ ብስክሌቷ ላይ ወጥታ፣ ብስክሌቱን በገዛ እጇ ለአማቹ ልታስረክብ እያለቀሰች ነዳች።

ባዶዋን ስለነበረች በአሥራ አንድ ደቂቃ ደረሰች። የዳቦ ቤቱ ባለቤት በወጥ ቤቱ በር ቆሟል፤ አማቹ የራስ ቁር እንደደፋ ከጎኑ አለ። ከመናገሯ በፊት ወጥ ሠሪዋ ዳቦው ሦስት ቅርጫት ሙሉ፣ ለአንድ ሰዓት ሦስት ጉዳይ ላይ መግባቱን መሰከረች። ባለቤቱ ሰዓቱን አየ፤ ያንን ሰዓት የጠገንኩት እኔ ነኝ። ብዙ አሰበና ፍርዱን ሰጠ፦

«ያረፈደችው እሷ ናት፤ ዳቦው አላረፈደም። እኔ ለሆስፒታሉ የተዋዋልኩት ዳቦ ላቀርብ ነው። ብስክሌቱ እጇ ላይ ይቆይ!»

አማቹም የራስ ቁሩን አውልቆ፣ ወጥ ሠሪዋ እንደነገረችኝ፣ ተመስገን አለ።

በማግስቱ ሁለተኛው አዋጅ ወጣ፤ እትዬ ዳይሬክተር በገዛ እጃቸው ጽፈው በሩ ላይ ለጠፉት። በሩ ከንጋት እስከ ምሽት ክፍት ነው፤ ማታ ይዘጋል። ከየት፣ ወዴት የሚለው ቀርቷል። ማንም ግን ጠባቂውን እንደምን አደሩ ሳይል፣ መልሱንም ሳይሰማ አይለፍ፤ አንገቱን ደፍቶ የሚያልፍ ይመዝገብ። ከዚያ ወዲህ ከሰፈሩ የጠፋ አንድ ባልዲ ብቻ ነው፤ እሱንም ነፋስ እንደወሰደው ተረጋግጧል። እትዬ ዳይሬክተርም አልጋቸው ላይ መተኛት ጀምረዋል።

እንግዲህ ብዙ ጀግኖች በር ሰብረው፣ ቅጥር ዘለው አለፉ እየተባለ ተጽፎላቸዋል። እመ ቃጭል ግን፣ ሃያ ስድስት ሰው አሳልፋ ራሷ የቀረችው፣ እንጀራዋ እንደሚያመልጣት እያወቀች የሽማግሌ ወሬ ያላቋረጠችው፣ ተሰረቅሁ ብላ መጮህ ሲገባት ለሰው መንገድ ብላ ዝም ያለችው፣ ከሁሉም ትበልጣለች። ዳገቱ ይለዝብላት፣ የጭነት መኪና ከፊቷ ይራቅ፣ ጎማዋ አይተንፍስ። ዛሬም በየጠዋቱ አሥር ደቂቃ ቀድማ ከቤቷ ትወጣለች፤ ጋሽ እንደምን የሚነግሯት ገና አላለቀም።