ለዓሣ ሲባል የተዘጋ በር

እኛ ሀበሾች ከዓሣ ጋር ያለን ትውውቅ በጾም ወቅት ብቻ ነው፤ ያውም ይበላል አይበላም እየተባባልን ስንጨቃጨቅ። ከድስት ውጭ ዓሣ ኑሮው ምን እንደሚመስል ጠይቆ የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። እኔም ከእናንተ አልሻልም ነበር።

እንግዳ አቀባበላችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከመንገድ የመጣ ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ይጎርሳል፤ ጎረቤት ተጠርቶ ይከበዋል፤ እንቅልፍ ቢጥለው “ምነው፣ አኮረፈ እንዴ?” ይባላል።

በስደት በምንኖርበት የኬንያ ሰፈር፣ ኢስትሊ ውስጥ፣ ምግብ ቤት ያላቸው ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ በዚህ የሚስተካከላቸው የለም። ልጆቻቸው አንድ በአንድ አውሮፕላን ተሳፍረው ካለቁ ወዲህ ግን ቤቱ ጭር አለባቸው። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ተራ ሲጠብቁ በመስታወት ገንዳ ውስጥ የባሕር ዓሣ አዩና ልባቸው ተሰረቀ። ገንዳ አስተክለው፣ ጨዋማ ውኃውን አዘጋጅተው ሲያበቁ፣ እኔ ለሥልጠና ሞምባሳ መሄዴን ሰሙ። “ልጄ፣ ነፍስ ያለው ነገር አምጣልኝ” አሉኝ። እምቢ ይባላል?

ሻጩ ውኃና አየር በሞላው ፌስታል የአውራ ጣት ያህል ሰማያዊ ዓሣ ከትቶ ሰጠኝ። “ፖሌ ፖሌ” አለኝ፤ ቀስ በቀስ ማለቱ ነው። ፌስታሉን መጀመሪያ ገንዳው ላይ አንሳፍፉት፤ ሙቀቱ ሲስተካከል ከገንዳው ውኃ በጭልፋ ጥቂት በጥቂት ጨምሩበት፤ መብራት አጥፉ፤ እስከ ነገ ምግብ እንዳታቀምሱት። ካጣደፋችሁት ይሞታል።

አውቶቡስ ውስጥ በጃኬቴ ሸፍኜ አቅፌው መጣሁ። ያን ሁሉ ባሕር ትቶ ጉልበቴ ላይ የሚተነፍሰውን ፍጡር አልፎ አልፎ ገለጥ አድርጌ ሳየው ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ በፊት ሰማያዊ ቀለም ያየሁ አይመስለኝም።

ስደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ይጠብቃል። ፌስታሉን ገንዳው ላይ ከማንሳፈፌ አንዱ መስታወቱን ያንኳኳል፣ ሌላው መብራት ያበራል፤ ወይዘሮ አልጋነሽ ደግሞ ዳቦ እየፈረፈሩ “ከመንገድ የመጣ ፍጡር እንዴት ጦሙን ያድራል?” ይላሉ። የዓሣው ቀለም ገረጣ። ከዚያ በጎኑ ጋደል አለ።

እትዬ ዘውዴ ይህን ሲያዩ ዳቦውን ከወይዘሮ አልጋነሽ እጅ ተቀብለው በሩን ከፈቱ። “ውጡልኝ” አሉ። በቃ። ለማኝ እንኳ ሳያበሉ መልሰው የማያውቁት ሴትዮ እንግዶቻቸውን አስወጥተው ቆለፉ። ወይዘሮ አልጋነሽ እስከ ዛሬ አያናግሯቸውም።

መጋረጃውን ዘግተን ተቀመጥን፤ እሳቸው በጭልፋ፣ እኔ በጸሎት። ከብዙ ቆይታ በኋላ ዓሣው ቀና አለ። በመረብ አንስተን ገንዳው ውስጥ ብንለቀው ድንጋይ ሥር ገብቶ ተሰወረብን።

በማግስቱ ጠዋት መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርጉት ወጣ። ክፍሉ ሁሉ ሰማያዊ የሆነ መሰለኝ። ፈጣሪ እንዲያ ላለች ትንሽ ገላ ያን ሁሉ ውበት መስጠቱ ገርሞኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ዘወር ብል እትዬ ዘውዴ ያለቅሳሉ።

“ምነው እትዬ፣ ዳነ እኮ!”

“እሱማ ዳነ” አሉ፣ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። “ሳላጎርሰው እኮ ነው የዳነው።”