የባሽመሃንዲስ ጥዑመልሳን ወረፋ

ወረፋ ባለበት ሁሉ፣ ከወረፋው በፊት የተፈጠረ የሚመስል አንድ ወረፋ አስከባሪ አይጠፋም። ዳቦ ቤት በር ላይ፣ ቤንዚን ማደያ ላይ ታገኙታላችሁ። ልደት በምትማርበት የካርቱም ኮሌጅ ግን ሰውየው ማዕረግም ነበራቸው፤ ሱዳኖች መሐንዲስን ሲያከብሩ እንደሚጠሩት፣ ክቡር ባሽመሃንዲስ ጥዑመልሳን።

ባሽመሃንዲሱ የሚያስተዳድሩት ክላስተር የሚባለውን፣ አርባ ኮምፒውተሮች እንደ አንድ ሆነው ከባድ ስሌት የሚሠሩበትን ክፍል ነው። ተጠቃሚ ሁሉ ሥራውን ይልክና ተራውን ይጠብቃል። የሠላሳ ዓመቱን አገዛዝ የጣለው የሱዳን አብዮት ባለፈ በዓመቱ መብራት በየሰዓቱ ድርግም ስለሚል ተራ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። አካውንት ለመክፈት ፎርም፣ የአማካሪ ፊርማና ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል። ፎቶው ለምን እንደሆነ የጠየቀ ሁለት እንዲያመጣ ይታዘዛል። ዲኑ ራሳቸው የወንድማቸውን ልጅ ሥራ ወደ ፊት እንዲያስገቡላቸው ቢለምኗቸው መልሱ ለማንም የሚሉት ያው ነበር፤ "ያላ፣ ከኋላ!"

ልደት የካርቱም ዳርቻ በሆነው ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ያደገች ስለሆነች ወረፋን ታውቃለች። ዳቦ ቤት በር ላይ፣ ሱዳኖች ሰፍ በሚሉት ወረፋ፣ ለተራ መያዣ ድንጋይ አስቀምጦ ሻይ ጠጥቶ መመለስ የሰፈሯ ወግ ነው። የመመረቂያ ጥናቷ የዓባይ ጎርፍ የትኛውን ሰፈር ቀድሞ እንደሚያጥለቀልቅ ያሰላል። መረጃው ገና ሳይሟላ ባዶ ሥራ ላከች፤ ተራው ሊደርስ ሲል በእውነተኛው ልትተካው። ሐሙስ ጠዋት መረጃዋን ጨርሳ ስትመጣ ድንጋይዋ ተነሥቷል። እሑድ ጥናቷን ካላቀረበች ምርቃቷ በአንድ ዓመት ይራዘማል።

"ጋሼ፣ ወላሂ ቦታ መያዣ ነበር! የዳቦ ሰፍ ላይ ሁሉም ያደርገዋል።"

"ባዶ ነው፤ ሰረዝኩት።"

"አንድ ቁልፍ ቢጫኑልኝ እኮ ፊት እሆናለሁ!"

"ሠላሳ ዓመት ባለሥልጣን ፊት ሲገባ አይተናል። አንቺስ በአብዮቱ አደባባይ የወጣሽው ለምን ነበር? ያላ፣ ከኋላ!"

ልደት በልቧ በሁለት ቋንቋ፣ በአማርኛም በዓረብኛም ረገመቻቸው። ሥራዋን ላከች፤ ስድሳ ሁለተኛ ሆነች። እንባዋን ጠርጋ የዝርዝሩን አናት ብታይ፣ አንደኛው ባለተራ ጥዑመልሳን ይላል። ከሃያ ዓመት በፊት ያቋረጡት የማሽላ ጥናት ነው። ቁልፉ ሁሉ በእጃቸው ያለ ሰውዬ እንደ ማንም ሦስት ሳምንት ተሰልፈዋል።

ባሽመሃንዲሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከመሳቢያ ፎርም አወጡ።

"ተራ ማስተላለፊያ ነው፤ የእኔ ወደ አንቺ። ዳቦ ቤትም ቢሆን ተራውን የሰጠ ሰው ኋላ ይሄዳል። ፈርሚ።"

"የእርስዎስ ጋሼ?"

"ማሽላው ሃያ ዓመት ቆይቷል፤ ሦስት ሳምንት አይገድለውም። ፎቶሽን ግን አምጪ።"

ደግነቱ መብራት ሳይጠፋ ዋለ። የልደት ስሌት አመሻሹ ላይ አለቀ፤ እሑድም ጥናቷን አቅርባ አለፈች።

ሰኞ ማልዳ ክላስተሩ ክፍል መጣች። ከኋላዋ የክፍል ጓደኛዋ ሙሐመድአወልና ወረፋው ላይ ያሉት ተማሪዎች በሙሉ ተከትለዋታል። በአንድ ወረቀት ላይ ሁሉም ፈርመዋል፤ ባሽመሃንዲሱ ከፊታችን ይግቡ ይላል።

ጋሼ ጥዑመልሳን መነጽራቸውን አደረጉ። ፊርማውን አንድ በአንድ ከየፎርሙ ጋር አመሳከሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው ደረቅ ነው።

"ፊርማው ትክክል ነው። የእያንዳንዱ ፈራሚ ጉርድ ፎቶ የታለ?"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልደት እኚህን ችክ ያሉ ሰውዬ ምን ያህል እንደወደደቻቸው ያን ጊዜ አወቀች። ሁሉም እየተንጋጋ ወደ ፎቶ ቤት ወረደ፤ በሩ ላይም ረጅም ወረፋ ሆነ። ልደት ማንም ሳይነግራት ከኋላ ቆመች።