የአዴ ዘይቱና በር

ከተማ የሚያምረው ለእንግዳ ዓይን ብቻ የሚመስለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ አሰላ ላይ አንድ አለን፤ የከተማ ማስዋብ ኮሚቴው ሰብሳቢ ተካልኝ። ዓለም አቀፍ ሩጫ ሊካሄድ ነው ሲባል፣ የአዴ ዘይቱናን በሶ ቤት በአረንጓዴ ቆርቆሮ አስጋረደው፤ በሩንም ጭምር።

"ልጄ፣ የምኖረው እኮ በዚህ ነው" አሉት።

"ይታገሱ አዴ፣ ዘላቂ ልማት ነው።"

የከተማችን ሯጮች ከልምምድ ሲመለሱ የሚጠጡት የሳቸውን በሶ ነበር። አሁን ግን አዴ በጎረቤት ጓሮ እየወጡ እየገቡ፣ ገዢ አጥተው ከረሙ።

የሩጫው ቀን እንግዶቹ ቆርቆሮውን ዞር ብለውም አላዩት። "እነዚህ ልጆች ምን ጠጥተው ነው እንዲህ የሚሮጡት? እስቲ እኛም እንቅመስ" አሉ።

ተካልኝ እየሮጠ ሄዶ ቆርቆሮውን ደበደበ።

"አዴ፣ በሩ በየት በኩል ነው?"

"እኔም አንተን ልጠይቅህ ነበር፣ ልጄ" አሉት ከውስጥ።