እትዬ አንዲት ነገር እና ያልወረደው ጠረጴዛ

ስብሰባ ባለበት አገር ሁሉ እሳቸው አሉ። ስማቸው ይለያይ እንጂ ጠባያቸው አንድ ነው። ሰብሳቢው «እንግዲህ ሌላ ጥያቄ ከሌለ...» ብሎ ወረቀቱን መሰብሰብ ሲጀምር፣ ሰዉ ሁሉ ቦርሳውን አንስቶ በግማሽ ጎኑ ሲቀመጥ፣ ከኋላ በኩል አንድ እጅ ቀስ ብሎ ይወጣል። አዳራሹ «ኤጭ!» ይላል። የቆመውም ተመልሶ ይቀመጣል። የእኛዋ ባለ እጅ ክብርት እትዬ አንዲት ነገር ይባላሉ።

ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ አልክድም። የማዘጋጃ ቤታችን ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። ስብሰባ አለቀ የሚባለው ሰብሳቢው ሲዘጋው ሳይሆን እኔ እስክሪብቶዬን ስከድን ነው። ሰዓቱ ለምሳ ሲቃረብ የእስክሪብቶ ክዳን «ቀጭ» ስትል እንዴት ደስ እንደምትል የሚያውቅ ያውቀዋል። ያቺን ደስታ ሰባት ዓመት ሙሉ የነጠቁኝ እትዬ ናቸው።

ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው። ሱቃቸው ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ናት፤ አንድ መኪና፣ አንድ መስታወት፣ አንድ ወንበር። ወደ ስብሰባ ሲመጡ ሜትሩን ከአንገታቸው አያወርዱትም። ይነሳሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ «አንዲት ነገር ብቻ!» ይላሉ። አንዲት ሆና ግን አታውቅም። አንዲቷ ሦስት ትወልዳለች፣ ሦስቱም ልጆች ያደርሳሉ፣ የእኔም ምሳ ይቀዘቅዛል።

አንድ ቀን እንዲህ አሉ፦ «አንዲት ነገር ብቻ! በር ላይ ያለውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ለካሁት። ከመሬት እስከ ታችኛው ወረቀት አንድ ሜትር ከሰባ ነው። ለመሆኑ እዚህ ከተማ ማስታወቂያ የሚያነበው ቀጭኔ ነው? አጭር ሰው የለም? በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ የለም?»

አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊያችን ጨዋ ሰው ናቸው፤ «ጥሩ አስተያየት ነው እትዬ፣ እንይዘዋለን» አሉ። «እንይዘዋለን» በማዘጋጃ ቤት ቋንቋ «ደህና ይሁኑ» ማለት ነው። ሰሌዳውም እዚያው ቀረ።

ሌላ ቀን ደግሞ የአንድ መስማት የተሳነው አናጢ ነገር መጣ። ሰውየው ለአንዲት ማህተም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ተቀምጧል። ጥበቃው በር ላይ ቆሞ ተራ ይጠራል፤ «አሥራ አንድ! አሥራ አንድ! አሥራ አንድ የለም!» አሥራ አንድ ግን አፍንጫው ሥር ቁጭ ብሎ እያየው ነበር። እትዬ በዚያው ሳምንት ስብሰባ ላይ ተነሱ። «አንዲት ነገር ብቻ! ቁጥሩን ጮሃችሁ ከምትጠሩ ጻፉት። ጠመኔ ከሌላችሁ እንካችሁ» ብለው ሰማያዊዋን የልብስ ጠመኔ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡ። ጠመኔዋ ባክና አልቀረችም፤ ጥበቃው የዳማ ሰሌዳ ሠራባት።

ትልቋ «አንዲት ነገር» ግን የደረጃው ነበረች። በዓመት ሁለት ጊዜ ትነሳለች፤ አትቀርም።

«አርባ ሦስት ደረጃ ቆጠርኩ» ይላሉ። «መታወቂያ ክፍል ሦስተኛ ፎቅ፣ ይሄ አዳራሽ ሦስተኛ ፎቅ። ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው ምን ይሁን?»

«ሊፍት በዕቅድ ተይዟል እትዬ» ይላሉ ኃላፊያችን፣ መልሳቸውን ሳይጠብቁ ወደ በሩ እየሄዱ።

«ሊፍት ማን አለ? አንዲት ጠረጴዛ ታች አውርዱ ነው የምለው። ሰውየውን ከምታወጡ ጠረጴዛውን አውርዱት!»

አንድ ጊዜ ከፊት የተቀመጠ ሰው ዞር ብሎ «እነዚህ የሚሏቸው ሰዎች እኮ እዚህ መጥተው ጠይቀው አያውቁም» አላቸው።

«በምን ይምጡ?» አሉት። «በመስኮት?»

«ለመሆኑ እርስዎን ምን አገባዎት? እግርዎ እንደሆነ ከኔ ይበልጣል።»

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ ወንድሜ። ልብሱ እምቢ ሲል ልብሱን እፈታለሁ እንጂ ሰውየውን አልቆርጥም።»

አሁን እንግዲህ ኑዛዜዬን ስሙኝ። እትዬ ይህን ሁሉ ሲናገሩ እኔ ምን ስጽፍ የነበረ ይመስላችኋል? ምንም። እጃቸው ሲነሳ ክዳኔን ቀጭ አደርጋለሁ። ከሰዓት በኋላ ቃለ ጉባኤውን ስገለብጥ መጨረሻው ላይ «ሌሎች አስተያየቶችም ተሰጥተዋል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል አደርጋለሁ፤ ለሁሉም ትበቃለች። ቃለ ጉባኤ ላይ ያልሰፈረ ነገር ደግሞ በማዘጋጃ ቤት ዓለም አልተባለም። ኃላፊያችን የሚሠሩት ከተጻፈው ነው፤ ወረቀቱ ላይ ካጡት ይረሱታል። ሰባት ዓመት የእትዬን ቃል የቀበርኩት እኔ ነኝ።

ነገር የሚገባን ቤታችን ሲገባ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ስኳር የግራ እግሩን ወሰደበት፤ አሁን በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄደው። አምና አንድ ፊርማ አስፈልጎት እኔና ጥበቃው ከነወንበሩ ተሸክመን ልናወጣው ሞከርን። ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ ወንበሩ ተቀረቀረ። የሚወርዱት ሰዎች ግድግዳ ተለጥፈው «አይዞዎት አባ፣ አይዞዎት» ይሉታል። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ቤት ስንደርስ እንዲህ አለኝ፦ «ስማኝ ልጄ። አርባ ዓመት ዕቃ ጭኛለሁ። እኔ ራሴ ግን ዕቃ አይደለሁም። ሁለተኛ እዚያ ቤት አልሄድም።»

ዘንድሮ አዲስ መታወቂያ መጣ። ማስታወቂያውን የጻፍኩት፣ እናንተ፣ እኔው ነኝ፦ «እስከ ወሩ ሠላሳ ቀን ድረስ በአካል ቀርቦ አሻራና ፎቶግራፍ ያልሰጠ ሰው ስሙ ከነዋሪዎች መዝገብ ይሰረዛል። ውክልና አንቀበልም።» «በአካል» የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አሰምሬባታለሁ። አሳምሬ ጽፌ የቀጭኔው ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት።

«ይሰርዙኝ» አለ አባቴ፣ ስነግረው።

«አባዬ፣ የስኳር መድኃኒትህን ጤና ጣቢያ የሚሰጡህ እኮ በመታወቂያው ነው!»

«ይሰርዙኝ አልኩህ። አርባ ዓመት የኖርኩበት ከተማ ካላወቀኝ፣ እኔም አላውቀውም።»

መታወቂያ ክፍል ያለውን ባልደረባዬን ካሜራውን ቤት ድረስ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። «መሣሪያው ከግቢ አይወጣም፤ መመሪያ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መመሪያውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ያን ሰሞን እንቅልፍም ምግብም አልነበረኝም። አባቴ ከራሱ ክብርና ከመድኃኒቱ አንዱን ምረጥ ተብሏል፤ እሱ ደግሞ መርጧል።

ወር በገባ በሃያ ሰባት ስብሰባ ሆነ። ሦስት ቀን ቀርቷል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የእትዬን እጅ ናፈቅኩ። ኃላፊያችን ስለ ቱቦ አወሩ፣ ስለ መንገድ መብራት አወሩ፣ ከዚያ «እንግዲህ ሌላ ጥያቄ ከሌለ...» አሉ። ዞር ብዬ ወደ ኋላ አየሁ። እጃቸው ወጣ። አዳራሹ «ኤጭ!» አለ፤ እኔ በሆዴ «ተመስገን!» አልኩ።

እትዬ ቆሙ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ምንም አልወጣም። ጉንፋን ድምፃቸውን ዘግቶታል። እንደገና ሞከሩ፤ ትንፋሽ ብቻ። የኃላፊያችን ፊት በራ። «እግዜር ይማርዎት እትዬ፤ በሉ እንግዲህ ለሚመጣው ወር ያድርሰን!» አሉ። የሚመጣው ወር ግን አባቴ ከመዝገብ ከወጣ በኋላ ነው።

ሰዉ ወደ በሩ ሲንጋጋ እትዬ ወደ ፊት መጡና የትዕዛዝ ደብተራቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ገጹን በጣታቸው መቱት፤ አንብብ ነው። የደረትና የወገብ ልክ በተጻፈባቸው መስመሮች መሀል ቀን እየጠቀሱ ጽፈዋል። «ጠረጴዛ ይውረድ አልኩ። ጸሐፊው ክዳኑን ከደነ።» ገለጥኩ። «ጠረጴዛ ይውረድ አልኩ። ጸሐፊው ከደነ።» አሥራ አራት ጊዜ። ሰባት ዓመት ሙሉ አይተውኛል! እያዩኝ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ ልጄ» ይሉኛል፤ እያዩኝ ሱሪዬን አሳጥረውልኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከወንበሬ ተነሳሁ። ጸሐፊ በስብሰባ ተናግሮ አያውቅም። «አንዲት ነገር ብቻ!» አልኩ።

በሩ ላይ የደረሱት ዞሩ። አንዳንዱ በእትዬ የማሾፍ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን ደብተሩን ከፍ አድርጌ አንድ በአንድ አነበብኩ፤ ስለ ክዳኑ የጻፉትንም ጭምር። ሳቁ ቆመ።

ኃላፊያችን ተገረሙ። «ይሄ ጥያቄ መቼ ነው የቀረበው? እኔ እኮ ቃለ ጉባኤ ላይ አላየሁትም።»

«አያዩትም ጌታዬ። ያልጻፍኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ በኋላ ያለውን አላሰብኩበትም፤ አፌ ብቻውን ሄደ። «ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ አባቴ ይሰረዛል። መውጣት ስለማይችል ነው የሚሰረዘው። ሌላ ጥፋት የለበትም።»

ኃላፊያችን መነጽራቸውን አወለቁ። «ጠረጴዛ ለማውረድ ነው ይሄ ሁሉ? እኔ እትዬ በተነሱ ቁጥር ሊፍት የሚጠይቁ ይመስለኝ ነበር» አሉ። ሰው እስከ መጨረሻው ስላልሰማቸው፣ ከእኔ ጋር ጥፋተኛው ብዙ ነበር ማለት ነው። «ነገ ጠዋት ይውረድ!» አሉና ተቀመጡ። እትዬ እስክሪብቶዬን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ጻፍኩ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ ኃላፊያችን ፈረሙበት።

በማግስቱ ጠረጴዛው ወረደ። ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ፣ አባቴ የተቀረቀረባት ቦታ ላይ፣ እሱም ተቀረቀረ፤ ጠረጴዛ ግን አያፍርም። ታች መግቢያው አዳራሽ ሲደርስ የካሜራው ገመድ አጠረ። ሠራተኞቹ «ይኸው፣ አልሆነም» ብለው በእፎይታ ሊተነፍሱ ሲሉ እትዬ መንገዱን ተሻግረው የስፌት መኪናቸውን ማራዘሚያ ይዘው ከተፍ አሉ። «ሲያጥር ይቀጠላል» አሉ፣ በዚያች ገና ባልዳነች፣ በሻከረች ድምፃቸው። ከዚያ ከጥበቃው ዳማ ላይ ጠመኔያቸውን አነሱና ግድግዳው ላይ «1» ብለው ጻፉ።

አባቴን ለማሳመን ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። አላስፈለገም። «ታች ነው?» አለኝ። «ታች ነው አባዬ።» «ማንም አያነሳኝም?» «ማንም።» ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ። በሩን ገፍቶ፣ ጎማውን በራሱ እጅ እያዞረ ገባ። ቁጥር ስድስት ሲጻፍ ጠረጴዛው ጋ ደረሰ፤ አሻራውን ሰጠ።

«ቀና ይበሉ አባቴ» አለ ፎቶ አንሺው ባልደረባዬ።

«ቀና ብያለሁ» አለ አባቴ።

እኔ ከበሩ ኋላ ሄጄ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እፎይ ማለት እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። እትዬ አገኙኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ። «የተበላሸ ስፌት ይፈታል፣ እንደገና ይሰፋል፤ ምን ያስለቅስሃል? ይልቅ አንዲት ነገር ብቻ፦ ያ ሰሌዳ አሁንም ከፍ ብሏል።» ያን ዕለት ከሰዓት እኔው መዶሻ ይዤ ዝቅ አደረግኩት። እትዬ ሲለኩት ሦስት ሳንቲ ሜትር ተሳስቻለሁ፤ አስነቅለው እንደገና አስመቱኝ።

አሁን ስብሰባውም ታች ወርዷል። ያ አናጢ ይመጣል፤ እኔ በትልልቁ ስጽፍ ከአጠገቤ ተቀምጦ ያነባል፣ ያልገባውን ጽፎ ይጠይቀኛል። ባለፈው ወር ኃላፊያችን እንደ ልማዳቸው «እንግዲህ ሌላ ጥያቄ ከሌለ...» አሉ። ሰዉ ሁሉ ወደ እትዬ ዞረ። እትዬ ድምፃቸው ድኗል፤ ግን የሸሚዝ ቁልፍ እየተከሉ ነበር፣ ቀናም አላሉ። ምሳ ሰዓት ደርሷል። ክዳኔን አነሳሁ።

ከመስኮቱ አጠገብ፣ ከተሽከርካሪ ወንበር ላይ፣ የሹፌር ሰፊ እጅ ወጣ።

«አንዲት ነገር ብቻ!»

አዳራሹ «ኤጭ!» አለ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ሽንት ቤቱ በር ስፋት ጀመረ፤ ከእትዬ ሜትር ተውሶ ለክቶት ኖሯል። ከዚያ ስለ አውቶቡስ ፌርማታው ቀጠለ። ኃላፊያችን ወደ እኔ ዘንበል ብለው «አባትህ አይደሉም እንዴ? ምሳ እንብላ በላቸው እንጂ» አሉኝ በሹክሹክታ።

«እዚህማ ነዋሪ ናቸው ጌታዬ» አልኳቸው፣ ክዳኑን ኪሴ ከትቼ መጻፍ ጀመርኩ።