ማኅተም ያረፈበት ቦኖ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ማኅተም ያላረፈበትን ነገር የማያምን አንድ ሰው አለ። ከሌለ መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ወይ ሻይ ቤት ነው፣ ወይ ገና አልተከፈተም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ጉዳያችሁን ጨርሳችሁ በሩ ጋ ስትደርሱ "ቆይ፣ ቆይ፣ ይቺ ነገር..." ብሎ የሚመልሳችሁ እሱ ነው።

የጅማው ውሃ መሥሪያ ቤት ደግሞ አቶ ወልደሰማያት ነበሩት። ክቡር አቶ ወልደሰማያት፣ የመዝገብ ቤቱ ሹም፣ የክቡ ማኅተም ጠባቂ፣ የሐምራዊው ቀለም ባለአደራ! ማኅተሟን በመሳቢያ ውስጥ ማሳደር ስለማይወዱ በኮታቸው የግራ ደረት ኪስ ይዘዋት ይዞራሉ። ቀለሟ ጨርቁን ዘልቆ ልክ ልባቸው ላይ ብርቱካን የምታህል ክብ ሠርቷል። ይህን እርግጠኛ ሆኜ የምናገረው ኮቱን በየዓመቱ የምጠግነው እኔ ስለሆንኩ ነው። የስፌት መኪናዬ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ ከውሃ ቦኖው ፊት ለፊት፣ በሱቄ በረንዳ ላይ ናት። እግሬ ይሰፋል፣ ጆሮዬ ይሰማል።

ለአቶ ወልደሰማያት ዓለም ሁለት ናት፤ ማኅተም ያለው ነገርና ወሬ። ጋሪ ነጂው ቲጃኒ አንድ ቀን "ጋሼ፣ ዝናቡ ደርሷል፣ ይውጡ ልሸኝዎ" ቢላቸው "ማን አለ?" ብለው ቀና ሳይሉ አለፉትና እስከ ካልሲያቸው በሰበሱ። የአክስታቸው ልጅ ከሊሙ ገነት መጥቶ ማግባቱን ቢነግራቸው፣ አቅፈው ጉንጩን ሳሙትና "ወረቀቱን ይዘሃል?" አሉት። ሚስታቸው ወይዘሮ አሰገደች ፊደል ስላልቆጠሩ፣ ገበያ ሲወጡ ዝርዝሩን የሚጽፉት አቶ ወልደሰማያት ናቸው። ከታች ይፈርሙና ያትሙበታል። ሽንኩርት ሻጩ ሸኩር ዛሬም ድረስ ይምላል፤ "ወላሂ፣ የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ትእዛዝ ከነማኅተሙ ደርሶኛል!"

"ማኅተም የሌለው ነገር ወሬ ነው" ይላሉ፣ ጣታቸውን ቀስረው። ይህን ሲሉ ደግሞ የሚያዩት እኔን ነው። እኔ በወሬ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ፊደል የለየሁትም ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ስለዚህ እውነቱን ለመናገር አልወዳቸውም ነበር።

እንዲህ ስንባባል የኮሌራው ዓመት መጣ። በሽታው ሰኮሩ ከተማ ገባ ተባለ፤ ሳንዘጋጅ እኛም ጋ ደረሰ። ጠዋት ሰላም ያልከው ሰው ማታ አልጋ ላይ ነው። ነጭ ካፖርት የለበሱ የጤና ሰዎች በየሰፈሩ ገቡ። የታመመ ሰው ያገኙበትን ቤት ይዘጉና በሩ ላይ ማኅተም ያለው ወረቀት ይለጥፉበታል። ወረቀቱን ማንበብ የሚችለው ጥቂት ሰው ነው፤ ክቡን ግን የማያውቀው የለም። ድሮም ሱቅ ሲታሸግ እንዲሁ ነበር። በር ላይ ማኅተም ካየህ ዞር በል ነው ነገሩ።

ውሃ ቤቱም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ማጠራቀሚያው ውስጥ ክሎሪን ጨመረበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቦኖው ውሃ ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ይሸት ጀመር። ደንበኞች እንዳይደናገጡ በቶሎ ይነገራቸው ተባለ። ለማን ተሰጠ? ለአቶ ወልደሰማያት!

አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጠው ጻፉት። "ለውሃ ደንበኞቻችን በሙሉ፤ የቦኖው ውሃ መድኃኒት የተጨመረበትና ከማናቸውም ተውሳክ ነፃ ስለሆነ፣ ሕዝቡ ያለአንዳች ሥጋት ከዚሁ ብቻ እየቀዳ እንዲጠቀም፣ ከወንዝ ግን ፈጽሞ እንዳይቀዳ በጥብቅ እናስታውቃለን።" ቆንጆ ጽሑፍ ነበር፣ አልክድም። ችግሩ ያለው ከግርጌው ነው። ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ አንድ ማኅተም አይበቃውም ብለው ሦስት መቱበት። ከዚያም በየቦኖው እየዞሩ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው፣ ከቧንቧው በላይ ግንቡ ላይ ለጠፉት።

በማግስቱ ማለዳ መጀመሪያ የደረሰችው ጠይባ ነበረች፣ እንስራዋን አዝላ። ወረቀቱን ስታይ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

"ያ ረቢ! ቦኖውንም ያዘው!"

"ማሊ? ማንን ነው የያዘው?" አለች ከኋላዋ የመጣችው ባህሪያ።

"ቦኖውን! አሽገውታል እኮ። እስቲ እይ፣ ሦስት ማኅተም! የነአባቦራ ቤት እንኳ አንድ ነው የተመታበት።"

"ሱብሃነላህ! ለካ ለዚህ ነው ሰሞኑን የሚሸተው!"

የቦኖው ጠባቂ ዙቤይዳ ቁልፏን ይዛ መጣች። ዙቤይዳ ማለት በጅማ ከተማ ያለ ወሬ ሁሉ ሳይፈርምላት የማያልፍ ሴት ናት። ወረቀቱን አየችና ቁልፏን ወደ ጉያዋ መለሰች። "እኔ የመንግሥት ማኅተም ሰብሬ ወህኒ ልውረድላችሁ?"

እኔ ከበረንዳዬ ዘልዬ ወረድኩ። ቃል በቃል አነበብኩላቸው፣ ከ"ለውሃ ደንበኞቻችን" እስከ "እናስታውቃለን"።

ዙቤይዳ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "አንተ ደግሞ በዚህ ቀን እንኳ ቀልድህን አትተውም?"

ምን ይባላል? አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያሾፍኩበት ሰፈር ነው። ባለፈው ረመዳን እንኳ ጨረቃ በግራ በኩል ወጥታለች ብዬ ግማሹን ሰው ደጅ አስወጥቼዋለሁ። እንስራው ሁሉ እያየሁት ዞሮ ወደ አዌቱ ወንዝ ወረደ።

አቶ ወልደሰማያት በዚያው ሰዓት ቢሯቸው ተቀምጠው ሪፖርት ይጽፉ ነበር። "ሕዝቡ ማስታወቂያውን በሚገባ ተረድቷል። ቅሬታ ያቀረበ አንድም ደንበኛ የለም።" እውነታቸውን ነው፤ የቀረበ ደንበኛም አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ለምሳ ቤታቸው ገቡ። ሽሯቸውን በልተው፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ግጥም አድርገው ጠጡና አፋቸውን ሊጠርጉ ሲሉ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

"አሰገደች።"

"አቤት።"

"ይህ ውሃ አይሸትም።"

"ተመስገን በል እንጂ! ያ ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት የሚለው ቀረልን።"

"ከየት ነው ያስቀዳሽው?"

"ከአዌቱ ነዋ! ቦኖው ታሽጎ የለም እንዴ? ራስህ አሽገህ ራስህ ትጠይቀኛለህ?"

"እኔ?"

"ማኅተምህን የማላውቀው መሰለህ? ሃያ ዓመት ሙሉ ሽንኩርት የገዛሁበትን! ከሩቅ ነው የለየሁት። የባሌን ማኅተም እኔ ካላከበርኩት ማን ያከብረዋል ብዬ፣ የሚያመነታውን ጎረቤት ሁሉ ይዤ ወንዝ ወረድኩ።"

አቶ ወልደሰማያት ብርጭቆውን አስቀመጡ። በነዚያ ሦስት ቀናት ወንዝ ዳር ሁለት ቤት ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ዜናው ለመዝገብ ቤታቸው በደብዳቤ ስላልደረሰ ወሬ ነው ብለው ትተውት ነበር። ቤት ያለውን ውሃ ሁሉ እንዲደፉት ለወይዘሮ አሰገደች ነገሯቸውና ባርኔጣቸውን ሳያደርጉ ወጡ። ያለ ባርኔጣ ሲሄዱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ቦኖው ጋ ሲደርሱ ያልባቸዋል። ወደ ወንዝ የሚወርዱት ሴቶች ቆሙ።

"አልታሸገም!" አሉ። "ማስታወቂያ ነው! ውሃው ንጹሕ ነው!"

"ታዲያ ማኅተሙስ?" አለች ዙቤይዳ።

"ማኅተሙማ... እውነት መሆኑን ለማሳየት ነው።"

"እውነት መሆኑንማ አይተናል፣ ጋሼ። ለዚህ እኮ ነው የሸሸነው።"

ያኔ ያላሰብነውን አደረጉ። ወደ ግንቡ ሄዱና ወረቀታቸውን በጥፍራቸው ይፍቁ ጀመር። ሙጫው ጠንካራ ነው፤ ሥራቸውን አያዝረከርኩም። ሦስቱን ክብ አንድ በአንድ ቀደዱ። የገዛ ልጃቸውን ሲገርፉ ያየሁ ያህል ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ ዙቤይዳን አስከፍተው በእሷው ጣሳ ቀድተው ጠጡ። ደገሙ። በሦስተኛው ላይ ድንገት ቆም አሉና ፊታቸው ቢጫ ሆነ።

"ፊታቸውን እዩ! ፊታቸውን!" አለች ባህሪያ።

ያን ጊዜ ምን እንዳሰቡ ያወቅሁት ኋላ ነው። ምሳ ላይ የጠጡት የአዌቱ ውሃ ትዝ ብሏቸው ነበር። ያ ውሃ ከጣላቸው፣ ሰው ሁሉ በዓይኑ ያየው የቦኖውን ሲጠጡ ነው። ቦኖው ገደላቸው ይባላል። ከዚያ ወዲያ መላእክት ወርደው ቢምሉ ከዚያ ቧንቧ የሚጠጣ ሰው አይገኝም። ሦስተኛዋን ጣሳም ጨለጧት።

"ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጥቼ እጠጣለሁ" አሉ። "እስከዚያ ቤት ያለውን ሳታፈሉ እንዳትቀምሱ።"

"ነገ በእግርዎ ከመጡ፣ ኢንሻአላህ፣ እንቀዳለን" አለች ዙቤይዳ።

"በጽሑፍ ነው?" አልኩ እኔ ከበረንዳዬ። ማንም አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም።

በማግስቱ ባዶ እንስራ ከቦኖው እስከ መስጊዱ ጥግ ተሰልፏል። ወሬ የለም። በመንደራ ቆጪ፣ በቦኖ ሰልፍ ላይ፣ ወሬ የለም! ሁለት ሰዓት ሆነ። ሩብ ጉዳይ ለሦስት ሆነ። መኪናዬ ፊት ተቀምጫለሁ፤ እግሬ ግን አይረግጥም። ጠይባ እንስራዋን ከመሬት አነሳች። "በቃ፣ ተኝተዋል" አለችና ፊቷን ወደ አዌቱ አዞረች።

ይሄን ጊዜ በመስጊዱ ጥግ ባርኔጣ ብቅ አለ። አቶ ወልደሰማያት ናቸው፤ እንደ ሙሽራ ቀስ ብለው ይራመዳሉ፣ አንድ እጃቸው ሆዳቸው ላይ ነው።

"ምነው፣ አመመዎት እንዴ?" አለች ዙቤይዳ።

"የምን ሕመም?" አሉ፣ ተቆጥተው። "ከዚህ በፊት አራት ቦኖ ላይ ጠጥቼ ነው የመጣሁት። በያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጣሳ! ሰው እኮ ነኝ፣ በርሜል አይደለሁም።"

የዙቤይዳ እልልታ መርፌዬን አስጣለኝ። ቧንቧው ተከፈተ። እስከ ቀትር ድረስ ከገበያው እስከ ሐኪም ቤቱ "ሰውየው ጠጥተው በእግራቸው ሄዱ" የሚለው ዜና ተዳረሰ፤ ደብዳቤ የለው፣ ቁጥር የለው፣ ማኅተም የለው። በሽታው እስኪያልፍ ድረስ እሳቸው ሳይጠጡ ቧንቧ የሚነካ ሰው አልነበረም። ከወንዝ ዳሩ ሁለት ቤት አንዱ ተከፈተ፤ ከሌላው ሬሳ አወጣን። ከዚያ በኋላ በሰፈራችን በር ላይ የጤና ሰዎች የለጠፉት ወረቀት አላየሁም።

ከወር በኋላ ኮታቸውን ይዘው መጡ።

"የቀኙን ኪስ አስፋልኝ። በየቦኖው የምጠጣባትን ጣሳ አልይዝ አለኝ።"

የምሳውን ብርጭቆ ነገር የነገሩኝ ያኔ ነው። "ያቺን ሌሊት አልተኛሁም። ለማንም እንዳትናገር" አሉኝ። እኔም ለማንም አልተናገርኩም፤ ይኸው መጻፌ ነው እንጂ። ኪሱን ለክብር ልብስ ባስቀመጥኩት ጨርቅ ሠራሁት፤ ድርብ ስፌት፣ በድርብ ክር።

በማግስቱ ራሳቸው አንድ ፖስታ አመጡልኝ። "ጉዳዩ፦ ኪስ ስለማስፋት። ሥራውን በጥራትና በታማኝነት ስለፈጸሙ ከልብ እናመሰግናለን።" ከታች ሦስት ማኅተም አለበት።

ደብዳቤዋን የሱቄ በር ላይ ለጠፍኳት። መንገደኛው ሐምራዊውን ክብ ከሩቅ ያይና ቤቱ የታሸገ መስሎት ጨርቁን ይዞ ይመለሳል። ሚስቴ ሀዋ "ኧረ ንቀላት፣ ገበያችንን አባረረችው እኮ!" ትለኛለች። እውነቷን ነው። አንዳንድ ቀን ተነስቼ ጥፍሬን ጠርዟ ላይ አሳርፋለሁ። ከዚያ ተመልሼ እቀመጣለሁ።